ዕዳው የተረሳ ኃይል፦ ጦረኛና ባለ ድግምት ሴቶች ከጣና ዳር እስከ ጌም

«ባልዱርስ ጌት» የተባለው የኮምፒውተር ጌም በ1998 ሲወጣ ተጫዋቹን ከሚያጅቡት መካከል ዳይናሄር የምትባል ጠንቋይ ነበረችበት። ሚንስክ የሚሉት ግዙፍ ጦረኛ ደግሞ ጠባቂዋ ነው። የሁለቱም አገር ራሼመን ይባላል፤ ጭምብል ያጠለቁ ጠንቋይ ሴቶች የሚገዙት፣ ቁጡ ወንድ ጦረኞች ለእነሱ የሚታዘዙበት ምድር ነው። በየትኛውም ካርታ ላይ የለም፤ የ«ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ደራሲዎች የፈጠሩት ነው። ሚንስክ ግን ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2023 በወጣው ሦስተኛው ክፍል፣ ተመልሶ መጥቷል። ድግምትና ጦር በአንዲት ሴት እጅ ሲገናኙ ማየት የማይሰለቸው ሰው ብዙ ነው።

ለጣና ዳር ሰው ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቆራጣን ያዳረሰ ሰው ንግሥቶች ያሠሯቸውን፣ ቅዱሳት ሴቶች የጸኑባቸውን፣ አጋንንት በጦር ሲወጉ የተሣሉባቸውን ገዳማት አይቶ ይመለሳል። ይህ ዳሰሳ የጦረኛና የባለ ኃይል ሴትን ወግ ከአሥረኛው ክፍለ ዘመን እስከ ስክሪኑ ይከተላል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከመጀመሪያው ልናገረውና፣ ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፦ በቀደመው ትረካ ውስጥ ኃይል ሁሉ ዕዳ ነበረበት፤ ወደ እኛ እየቀረበ ሲመጣ ኃይሉ ቀርቶ ዕዳው ተረሳ።

ነገሩ የሚጀምረው ስም ከሌላት ንግሥት ነው። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የዐረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል፣ የሐበሻን ምድር ለብዙ ዓመታት አንዲት ሴት እንደገዛችና «ሐፃኒ» ይባል የነበረውን ንጉሥ እንደገደለች ጽፏል። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥም፣ ከ979 እስከ 1003 በመንበሩ ላይ የነበሩት የፓትርያርክ ፊላታዎስ ዘመን ሲተረክ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው የድረሱልኝ ደብዳቤ ይገኛል። አንዲት ንግሥት አገሩን አቃጥላለች፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አፍርሳለች፤ እሱንም ከቦታ ቦታ ታሳድደዋለች። ንጉሡ መከራውን የሚያያይዘው ከግብፅ ጳጳስ ሳይላክለት ከመቅረቱ ጋር ነው። ስለ ሴቲቱ አስማት አንድ ቃል አይናገርም፤ ስለ አይሁድነቷም እንዲሁ።

ደብዳቤው የበኒ አል ሐምዊያ ንግሥት ይላታል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ የዐረብኛው ፊደል ተበላሽቶ እንጂ ዳሞት ለማለት ነው የሚል መላ ምት አቀረበ። ይህ ትክክል ከሆነ ያቺ ንግሥት የመጣችው ከሰሜን ወይም ከባሕር ማዶ አይደለም፤ ከዓባይ አካባቢ ነው። የዛሬው ዳሞት ከባሕር ዳር በስተደቡብ ጎጃም ውስጥ ነው፤ የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ግን ከዓባይ ማዶ ተንሰራፍቶ ነበር። ዳሞት በገድል ሲነሣም የጠንቋዮች አገር ሆኖ ነው የሚነሣው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባ ሲሰናዳ ቅዱስ ሚካኤል ነጥቆ ያስጥላቸዋል፤ ኋላም ልጃቸው በዚያው አገር ከአስማተኞች ጋር ይፋለማሉ። የጌም ደራሲ እንዲህ ያለ መንግሥት ለመፍጠር ስንት ሌሊት ያድር ይሆን?

ስም የለሿ ንግሥት እየዋለች እያደረች ስም አገኘች፦ ዮዲት፣ ጉዲት፣ እሳቶ። ከስሙም ጋር ታሪክ ተሰጣት። በአክሱም በኩል ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትረካ ዮዲት ከንጉሣዊ ዘር የተወለደች መልከ መልካም ሴት ናት። አንድ ዲያቆን ይወዳታል፤ የሚሰጣት ቢያጣ ከጽዮን ቤተ ክርስቲያን የወርቅ መጋረጃ ቆርጦ ጫማ ያሠራላታል። ሲታወቅ ጥፋቱ በእሷም ላይ ዞረ፤ ጡቷን ቆርጠው አሳደዷት። ወደ ባሕሩ ወርዳ የሻም ንጉሥ ልጅ ከሆነው ከዜኖቢስ ጋር ተገናኘች፤ አገባችው፤ እምነቱንም ተቀበለች። አክሱም ላይ ሕፃን ንጉሥ መቀመጡን ስትሰማ ጦር አስከትታ ተመለሰች። ሐውልቶቹን የጣለችው እሷ ናት ይባላል። ፍጻሜዋ ግን በሰው እጅ አልሆነም፤ ዐውሎ ነፋስ ነጠቃት። ትግራይ ውስጥ ከውቅሮ አጠገብ ዓዲ ቃውሕ ላይ መቃብሯ ነው የሚሉት የድንጋይ ክምር አለ፤ አላፊ አግዳሚው ድንጋይ ሲወረውርበት ኖሯል።

እኔ በዚህ ትረካ ውስጥ የማደንቀው አንድ ነገር ነው። የተረኩት ጠላቶቿ ናቸው፤ ግን በደሏን ሊደብቁ አልቻሉም። የተቆረጠ ጡትና የወርቅ ጫማ ባይኖሩ ኖሮ ዮዲት እንደ ማንኛውም ወራሪ ተረስታ ትቀር ነበር። ጉልበቷ ከቁስሏ የመጣ ነው፤ ለጉልበቷም በዐውሎ ነፋስ ትከፍላለች። በሰሜን ተራሮች የነበሩት ቤተ እስራኤል ደግሞ ያቺኑ ሴት የራሳቸው ንግሥት አድርገው ይቆጥሯታል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ታሪኳን ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዮዲት የእኛ ብቻ መሆኗ ቀረ።

ጣና ራሱ ግን ዮዲትን አያከብራትም፤ የሚያከብራቸው ሌሎች ናቸው። ወደ እነሱ ከመድረሳችን በፊት በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ ትንሽ እንቆይ። በግድግዳው ፈረሰኛ ቅዱሳን ተደርድረዋል፤ ጊዮርጊስ ዘንዶውን፣ መርቆሬዎስ ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ይወጋሉ። የጥንቱ ሠዓሊ ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥለዋል፤ ክፉው ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በአንድ ጊዜ ይለያል። ዛሬ ጌም ሠሪዎች በጠላት ራስ ላይ ቀይ ምልክት የሚያንጠለጥሉት ለዚሁ ነው።

ከነዚህ ፈረሰኞች መካከል ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቅርብ የሆነው ቅዱስ ሱስንዮስ ነው፤ ከግድግዳ ይልቅ በክታብ ላይ የሚታወቀው። ወርዝልያ የምትባል ሴት የተወለደ ልጁን ትገድልበታለች፤ እሱም በፈረሱ ተቀምጦ ጦሩን ይዞ እስኪያገኛት ይፈልጋታል፤ ከአጋንንት ጋር ተቀምጣ ሲያገኛት ይወጋታል። ልጅ ያልበረከተላት እናት ይህ ጸሎት የተጻፈበትን ክታብ ታስጽፋለች። ክታቡ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ደብተራው ይፍቀውና በጠባቡ እየሸነሸነ ይሰፋዋል። ርዝመቱ እንደ ልማዱ በባለቤቷ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት። በመካከሉ ዓይኑ የፈጠጠ ጠልሰም ይሣልበታል፤ ዓይኑ ዓይነ ጥላውን አስደንግጦ እንዲመልስ። ክርስትና ስሟ በቀይ ቀለም ይገባበታል። ከዚያ በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ለሌላ ሰው አይዋስም፤ ቁመቱም ስሙም የእሷ ነውና። በጌም ቋንቋ አስቡት፦ በተጫዋቿ አካል ልክ የተሠራ፣ ሊሸጥም ሊለወጥም የማይችል ጋሻ። እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ምናባዊ ዓለም እስካሁን አላየሁም።

በአደባባይ ግን ክታብ ሁልጊዜ አልተወደደም። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጥንቆላና በባዕድ አምልኮ ላይ የዘመቻ ያህል ተነሥተው ነበር። አጽማቸው የሚገኘው እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ደብተራውም ክታቡም ግን ከእሳቸው በኋላ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል።

በዚያው በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ነው ክርስቶስ ሠምራ የሚነሡት። ቡልጋ የተወለዱ፣ ባልና ልጆች የነበሯቸው ባለጸጋ ሴት ናቸው። ገድላቸው አይሸፋፍንም፤ በቁጣ ተነሥተው በአገልጋያቸው አፍ ፍም ከተቱባትና ሞተች። አምላካቸውን ለምነው ብትነሣላቸው ዓለምን ጥለው መነኑ፤ ደብረ ሊባኖስ ደርሰው ኋላ ወደ ጣና፣ ወደ ጓንጉት መጡ። በሐይቁ ውኃ ውስጥ ቆመው ለዓመታት ጸለዩ፤ ዓሣ በሰውነታቸው መካከል እስኪያልፍ ድረስ። የልመናቸው ነገር ነው የሚያስደንቀው፤ ሰው ሁሉ እንዲድን እግዚአብሔርንና ዲያብሎስን ላስታርቅ አሉ። ተፈቅዶላቸው ወደ ሲኦል ደጅ ወርደው ሰይጣንን በስሙ ቢጠሩት ይዞ ጎተታቸው፤ ቅዱስ ሚካኤል በሰይፉ ደረሰላቸው። ሲመለሱም ብዙ ነፍሳት ይዘው ወጡ።

ይህን ለዓለም ምናባዊ ጽሑፍ አንባቢ ብትነግሩት ማን ደረሰው ብሎ ይጠይቃችኋል። እዚህ ግን በየዓመቱ ነሐሴ 24 የሚከበር በዓል ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ይለያሉ፤ ዘመናቸው ቅርብ ነው፤ ታሪካቸው ከቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። በ1592 ተወለዱ፤ ባላቸው መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በ1617 በተደረገው ጦርነት ተገደሉ። ባላቸው በዚያ ዘመቻ በንጉሡ በኩል ነበር፤ የጳጳሱን ልብስ ይዞ ቤት መግባቱን ገድሉ ይተርካል። ከዚያ ወዲያ ትዳሩ በቃቸው። ጠጉራቸውን ተላጭተው መነኑ፤ በንጉሡ ፊት ቀርበው ተከራከሩ፤ ተጋዙ፤ ተከታዮቻቸውን ይዘው ከአንዱ የጣና ዳርቻ ወደ ሌላው ተንከራተቱ። ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልሱ ያሸነፉት ሰይፍ ያልያዙት ሴት ሆኑ። በ1642 ዐረፉ፤ ገድላቸውን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 ጻፈው።

ይህን ገድል ያነበበ ሰው አንድ አስፈሪ ነገር አይረሳም። ወለተ ጴጥሮስ ከማኅበራቸው የሆኑት ከነኃጢአታቸው ከሚኖሩ ቢሞቱ ይሻላቸዋል ብለው ይጸልያሉ፤ ጸሎታቸውም ይሰማል፤ ሞት በማኅበሩ ይገባል። በጸሎት የሚገድል ኃይል ነው ይህ። ዮዲት ብታደርገው ኖሮ መተት ይሉት ነበር። በገድሉ ውስጥ ግን ጸሎተኛዋ እንደ እናት አብረው የሚያለቅሱ፣ የሚታመሙ፣ የሚራቡ ናቸው። ገዳማቸው ያለባት ቆራጣ ለብዙ ዘመን የሸሸ ሰው የማይነካባት የመማፀኛ ከተማ ሆና ቆየች። ሰይፍ ይዞ የመጣ መኮንን ከደጇ ይመለስ ነበር።

ከወለተ ጴጥሮስ ዕረፍት አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ቀደም ብሎ፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ፣ ሁለት ሴቶች ከሁለት ጦር ጀርባ ነበሩ። የካቲት 1543 ነው። በአንድ ወገን የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው፤ ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው ከፖርቱጋሎቹ ነፍጠኞች ጋር የተጓዙ። በሌላው ወገን የኢማም አሕመድ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ ናት፤ ባሏን በዘመቻው ተከትላ የመጣች። በዚያ ቀን ኢማሙ ተገደለ። ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመለሰች፤ የባሏን ደም ለመለሰ እንጂ ላላደረገው እንደማታገባ አሳወቀች። ኑር ኢብን ሙጃሂድ አገባት፤ በ1559 በጦርነት ላይ ዐፄ ገላውዴዎስ ወደቁ። በመካከሉ በምርኮ የተያዙት ልጆቻቸው፣ የሰብለ ወንጌል ሚናስና የድል ወንበራ ልጅ፣ ተለዋውጠው ወደየእናታቸው ተመልሰው ነበር። ከዚህ በላይ የተዘጋጀ ድርሰት ከየት ይመጣል?

ጦረኛና ባለ ድግምት ሴት በሕይወት የታየችበት ሌላ ቦታ አለ፤ እሱም የዛር ቤት ነው። በ1932 ከዳካር ጅቡቲ የሚሻገረው የፈረንሳዮች የጥናት ጓድ ጎንደር ሰፍሮ ሳለ፣ ሚሼል ሌሪስ የተባለው ጸሐፊ መልካም አያሁ በምትባል የዛር ቤት እመቤት ዘንድ ውሎ ብዙ ጻፈ፤ በ1958ም በዚያ ላይ መጽሐፍ አወጣ። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ሰይፉ ጨንገርን የመሰለ ዛር ሲወርድባት ሴቲቱ ትሸልላለች፤ ትፎክራለች፤ እንደ ደጃዝማች ታዛለች። ራሄሎ የሴት ዛር ናት፤ እሷ ስትመጣ ሽቶና ጌጥ ትጠይቃለች። ዛሮቹ ልክ እንደ ጦር ሠራዊት ማዕረግና አጃቢ አላቸው። እያንዳንዱም ግብሩን ይጠይቃል፤ ቡናው፣ ዕጣኑ፣ በመልኩ የተመረጠው ዶሮ። ያጎደለች ትታመማለች። ኃይሉን የምትሸከመው ራሷ በፈረስነት ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ፈጣን ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ዮዲት በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በእነ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ ድርሳናት ገባች፤ እንደ አገር አፍራሽ። በ1972 ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ጥንታዊትና መካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ባሳተሙት ሥራ ትረካዋን ከሰነድ ጋር አስተያዩት። ታደሰ ታምራትም በዚያው ዓመት በወጣው መጽሐፋቸው ወደ ዳሞቷ ንግሥት ተመለሱ። ሊቃውንቱ ተረቱን ሲያራግፉ ሌሎች ሊያነሡት መንገድ ላይ ነበሩ።

በኅዳር 2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የአፍሪካ መንግሥታት የተባለ ጭማሪ አወጣ። ኢትዮጵያውያን በሾተል ተዋጊያቸውና በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ተወክለው ገቡ። አንዱ ዘመቻ በዮዲት ስም ነው፤ በስደቷ ይጀምራል፤ ባል ታገኛለች፤ ዘውድ ትጥላለች፤ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ በአምስተኛው ምዕራፍ ሐውልቶቹ ይሰበራሉ። የአክሱም ቄሶች የተረኩላትን ተከትለዋል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ለዓለም ወጣት ዮዲት ከዚህ ወዲህ የምትረገም ሳትሆን የምታዝ፣ የሚመሯት ጀግና ናት። ዐውሎ ነፋሱ ግን የለም። ጦሯም ምግብና ወርቅ ከከፈሉለት በሰኮንዶች ውስጥ ከሰፈሩ ይወጣል።

በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» ምኒልክንና ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን በአንድ ጥቅል ሲያወጣ ከዚያው ጥቅል ጋር ምስጢራዊ ማኅበራት የሚባል ጨዋታ አከለበት፤ ደም መጣጭ ቫምፓየርም አለበት። ከኢትዮጵያ ጋር የምሥራቅ አውሮፓ ጭራቅ በአንድ መሶብ መቅረቡ ያስቃል። አጠገቡ ዛር፣ ቡዳና ጠልሰም ነበሩ፤ የጠየቀ አልነበረም እንጂ።

የእኛዎቹም ቆመው አላዩም። ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን አወጣ፤ ቀጥሎ ሴት ልዕለ ጀግና ያለችበትን «ሀዊ»ን አሳተመ። ቅኔ ጌምስ በበኩሉ «ኩኩሉ»ን ሠራ፤ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ። ካሜሩናውያን በ2016 «ኦሪዮን»ን በራሳቸው ተረት ላይ ሠርተው ለዓለም ገበያ አቅርበዋል። የፖላንዱ ሳፕኮቭስኪ ያነሣው የስላቭ ጭራቅና ጠንቋይ «ዊቸር» ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። ጥያቄው ታዲያ ጣና የት አለ ነው።

መልሱ የገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ክርስቶስ ሠምራን በጆይስቲክ ማዘዝ የሚቻል ነገር አይደለም። ታቦት አላቸው፤ ዓመታዊ በዓል አላቸው፤ ስማቸውን የሚጠሩ እናቶች አሉ። ሐይቅ ውስጥ የቆመች ሴት ለተጫዋች ነጥብ ስትሰበስብ ቢያዩ ምእመናን ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ዮዲትን የወሰዷት ግን ባለቤት ስለሌላት ነው፤ የሚቆጣላት የለም። ለዚህ ነው የውጭው ጌም ከኛ ወግ ውስጥ የተረገመችውን መርጦ የሚሄደው፤ ዋጋ የከፈሉት ሁሉ ቅዱሳን ሆነው ከጨዋታው ውጭ ቀርተዋል።

ግን በዚህ መካከል ብዙ ነገር አለ። ወርዝልያ የማንም ቅድስት አይደለችም፤ ክታቡም ዛሬም አለ። የዛር ቤት እመቤት፣ ፈረሱ፣ ግብሩ፣ ሁሉም ነገር ሕግ ሆኖ ተቀምጧል፤ ደራሲው መፍጠር የለበትም፣ መጠየቅ ብቻ ነው ያለበት። የዳሞቷ ንግሥት ስሟ እንኳ ስላልተጻፈ ለማንም ክፍት ናት። ወይና ደጋ ላይ ደግሞ ሰብለ ወንጌልንና ድል ወንበራን አሰልፎ ተጫዋቹን ከማንኛቸውም ወገን ማስጀመር ይቻላል፤ በሁለቱም በኩል የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ በሁለቱም በኩል የሚከፈል ደም አለ። ባሕር ዳር ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ የሚመረቅ ልጅ ጦር ሜዳውን ለማየት ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ ቢሳፈር ይበቃዋል።